ልብ የወለዳት ልጅ

ማናለብሽ ልብ ወለድ ስታነብ የምትጀምረው ከመጨረሻው ገጽ ነበር። ማን እንደሚሞት ሳታውቅ የመጀመሪያውን ገጽ ለመግለጥ አንጀቷ አይችልም። ደብረ ማርቆስ ተማሪ ሳለች የፈተና ወረቀት ሲመለስ፣ ማርኩን ከማየቷ በፊት «ወድቄያለሁ» ብላ አልቅሳ የምትጨርስ ልጅ ነበረች። ከአሥረኛ ክፍል ወጥታ አግብታ፣ ከባሏ ከፍርድ ቤት ጸሐፊው ከነጋ ጋር ዳንግላ ገብታ ሁለት ልጆች ከወለደች ወዲህ ደግሞ የምትፈራው ነገር በዛ እንጂ አልቀነሰም።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ሁዳዴ እንደገባ፣ መምህር አድማሴ ከአዲስ አበባ የተላከለትን አዲስ መጽሐፍ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣላት። የተማሪዎቹን ፈተና አርሞ እስኪጨርስ ልታነበው ነው። ገና በሩ ላይ እንደቆመች ጋዜጣውን ገፍፋ መጨረሻውን ገለጠች።

«ኧረ ይተዉ እትዬ ማናለብሽ!» አለ አድማሴ። «ሰውየው መቶ ሃያ ገጽ የለፋው እኮ እርስዎን እዚያች ገጽ ላይ ለማድረስ ነው።»

«ትሞታለች» አለች ማናለብሽ።

«ማን?»

«አስካለ የምትባለው። ሆስፒታል ውስጥ፣ ብቻዋን።»

አድማሴ እጁን በራሱ ላይ ጫነ። «እኔ እኮ ገና ግማሹ ላይ ነኝ!»

በዚያ ዓመት ካነበበቻቸው መጻሕፍት ይህ አራተኛው ነበር። የመጀመሪያው መጠጥ ስለጣለው አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን መጨረሻው ላይ ሰውየው ወንዝ ገባ። ሁለተኛው ስለ ሁለት የሚዋደዱ ልጆች ነው፤ እሷ በሳንባ ነቀርሳ፣ እሱ በሐዘን ሞቱ። ሦስተኛው ላይ ወንድም ወንድሙን ሳያውቀው ገደለው። ያም ሆኖ ማናለብሽ እነዚህን አዳዲስ ደራሲዎች ትወዳቸው ነበር። የሚጽፉት ስለ ጥንት ነገሥታት አይደለም። ቢሮ ስለሚገባ፣ አውቶቡስ ስለሚሳፈር፣ የቤት ኪራይ ስለሚያሳስበው ሰው ነው። በዚህ በአራተኛው መጽሐፍ አስካለ ሻንጣዋን በገመድ ስታስር ገመዱ ያጥርባትና ከቀሚሷ መቀነት ቀድዳ ትቀጥልበታለች። ማናለብሽ ይህን ስታነብ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አድርጋ «ይህን ማን ነገረው?» እያለች ስትገረም ሽሮው አርሯል። ደራሲው ወንድ ነው፤ መቀነት ታጥቆ አያውቅም። ከየት አመጣው?

መልሱን ያገኘችው በገዛ ቤቷ ነው። አንድ ቀን የስድስት ዓመት ልጇ ሸጋ ከትምህርት ቤት ዘገየችባት። ማናለብሽ በረንዳው ላይ ቆማ ሁሉንም አየችው፤ የጋሪው ፈረስ ሲደነብር፣ ልጅቷ ቦዩን ልትሻገር ስትዘል፣ አንዱ ጫማዋ መንገዱ ዳር ተገልብጦ ሲቀር። ወሬውን ይዘው የሚመጡት ሰዎች አጥሩ አጠገብ ቆመው ማን ቀድሞ ይናገር ብለው ሲተያዩ አየች። እሷ ራሷ ምን እንደምትል፣ በየትኛው ጉልበቷ እንደምትወድቅ እንኳ አወቀች። ከዚያ ሸጋ ሸንኮራ አገዳ እየጋጠች መጣች። ማናለብሽ አንድ ጊዜ በጥፊ፣ አንድ ጊዜ በመሳም ተቀብላት ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እዚያው ሳለች አንድ ነገር መጣላት፤ ያ ደራሲ የሚያደርገውስ ይህንኑ አይደለም? ያልሆነውን ነገር፣ ተገልብጦ እስከቀረው ጫማ ድረስ ያየዋል። ልዩነቱ እሱ ጻፈው፣ እኔ ዋጥኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ናፍቆት ገባባት። ምን እንደናፈቃት በደንብ ለመናገር አትችልም። የተማሪ ቤቱን ወንበር ይመስላታል፤ በልጅነቷ ድርሰት ስትጽፍ ጣቷ ላይ ይቀር የነበረውን ቀለም ይመስላታል። ግን ያለፈ ነገር አልነበረም፤ ገና ያልመጣ፣ ወደፊትም የማይመጣ የሚመስል ነገር ነው። ነጋ ይህን አውቆ ከቢሮው ወረቀት ቢያመጣላት ሳትነካው ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

«ምነው? ጻፊበት እንጂ» አላት።

«የሚታየኝ ክፉ ክፉው ብቻ ነው። ብጽፈው ደግሞ የሚደርስ ይመስለኛል።»

«እንዲያ ከሆነ እኔ ደመወዝ ተጨመረልኝ ብለሽ ጻፊልኝ» አለና ሳቀ።

አዲሱ መጽሐፍ አስካለ ስለምትባል የገጠር ልጅ ነበር። ከእናቷ ቤት ወጥታ አዲስ አበባ ትገባለች፣ ሰው ቤት ትቀጠራለች፣ ትታለላለች፣ ትታመማለች። ማናለብሽን ዕረፍት የነሳት ግን ሰባተኛው ገጽ ላይ ያለ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። «እናቷም በልጅቷ መሄድ እጅግ አዘነች።» ሌላ ስለ እናትየው የተባለ የለም። አዘነች፣ አለቀ። መቀነቱን ያየ ዓይን እናትየውን እንዴት ዘለላት? ማናለብሽ ያን ዐረፍተ ነገር ደጋግማ ታነበውና እዚያው ላይ ትቆማለች፤ በር አንኳክታ የሚከፍት እንዳጣች እንግዳ።

ጮክ ብላ የምታነበው በበዓል ቀን ነበር። በበዓል እንዝርት አይሾርም፣ እህል አይፈጭም። ስለዚህ የሠፈሩ ሴቶች ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሷ በረንዳ ላይ ይሰበሰባሉ። ጠላ ሻጯ ወርቅአየሁ የበዓሉን ስምና የታሪኩን አካሄድ አንድ ላይ ትቆጥረው ነበር። «በአቦ ከቤቷ አወጣናት፣ በሚካኤል ሰው ቤት ቀጠርናት፤ በገብርኤል ደግሞ ያ መላጣ አታለላት። እስቲ ማርያም ትድረስላት!»

ከሁሉም በላይ የሚያዳምጡት እሜቴ እታለማሁ ነበሩ። ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ በላይ ካለ አንድ የአገው መንደር የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። አማርኛውን በደንብ ይሰማሉ፤ ሲናገሩ ግን ቃሉን አንድ በአንድ እየመረጡ እንደሚለቅሙ ዓይነት ነው። የሻረግ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ከአንዲት ነጋዴ ሴት ጋር አዲስ አበባ ከሄደች ሦስት ዓመት አልፏታል። በመጀመሪያው ዓመት በሾፌር እጅ ነጠላ ላከችላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ወሬዋ ጠፋ። እሜቴ እታለማሁም መሬታቸውን ለእኩል ሰጥተው ዳንግላ ገቡና መንገዱ ዳር አንዲት ክፍል ያዙ። ለምን እንደመጡ ሲጠየቁ «ከአውቶቡስ ስትወርድ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳያያት» ይላሉ።

ማናለብሽ በምታነብበት ጊዜ እሜቴ እታለማሁ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። አስካለ ተቀጠረች ሲባል፣ «እናቷስ?» ታመመች ሲባል፣ «እናቷ ሰማች?»

«መጽሐፉ አይልም እሜቴ።»

«አይልም?»

«አይልም።»

«እንግዲያ አልሰማችም» ይሉና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ይስባሉ።

በገብርኤል ማግሥት፣ ረፋድ ላይ፣ እሜቴ እታለማሁ ብቻቸውን መጡ። ማናለብሽ ምስር እየለቀመች ነበር። ልትነሣላቸው ስትል በእጃቸው መልሰው አስቀመጧትና እሳቸው ቆመው ቀሩ።

«አልቀመጥም፤ ቄስ ገብረ ማርያም ይጠብቁኛል። ያቺ ልጅ የክርስትና ስሟ ማነው?»

«የቷ ልጅ?»

«አስካለ። በሰው አገር የታመመች ልጅ አለች፣ በጸሎት ያስቧት ብላቸው ስሟን አምጪ አሉኝ። አስካለ ብዬ ብነግራቸው የዓለም ስሟን ምን ላድርገው አሉ።»

ማናለብሽ መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ የአሮጊቷን ፊት ስታይ ሳቋን ዋጠችው። «እሜቴ» አለች ቀስ ብላ፣ «አስካለ እኮ በእውነት ያለች ሰው አይደለችም።»

«ሞተች?»

«አልሞተችም! ማለቴ… አልነበረችም። ይህ ልብ ወለድ ነው።» መጽሐፉን አምጥታ ሽፋኑ ላይ ያለውን ጽሕፈት በጣቷ አሳየቻቸው። «ይኸው፣ ልብ ወለድ ታሪክ ይላል።»

«ልብ ወለድ» አሉ እሜቴ እታለማሁ ቃሉን እንደ አዲስ እህል እያኘኩ። «ልብ የወለዳት?»

«አዎ፣ የደራሲው ልብ። ከሐሳቡ ያወጣት ናት።»

«ታዲያ ተወልዳለች ነዋ!»

«አይ፣ እንደሱ…»

«አንቺው አይደለሽ ያልሽ? ልቡ ከወለዳት ተወልዳለች። ሴት ልጅ ደግሞ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ይህ ሰውየ ክርስቲያን አይደለም?»

«ክርስቲያን ይመስለኛል።»

«ሳያስነሣት ነው ይህን ሁሉ መከራ ያዘነበባት?» እሜቴ እታለማሁ በእውነት ተቆጡ። «ወይ ረስቶታል፣ ወይ ወንድ ስለሆነ ጉዳዩም አይደለ። አንቺ እናት ነሽ፣ መጽሐፉም በእጅሽ ነው። አንቺ ስጫት።»

ማናለብሽ እምቢ የምትልበትን ቃል ስትፈልግ፣ «ወለተ ሐና» የሚል ከአፏ ወጣ።

«ወለተ ሐና» አሉ አሮጊቷ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ያምራል።» ረስተውት እንዳይቀሩ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ።

ማናለብሽ ምስሩን ትታ ተቀመጠች። ስሙን በጠራች ቅጽበት አንድ ነገር ታይቷት ነበር። ውሃው ቀዝቅዟት የምትጮህ ሕፃን፤ ክርስትና እናቷ ደግሞ ሕፃኗ ከእጇ እንዳታመልጥ ክርኗን አጥብቃ፣ ከንፈሯን ነክሳ። ጥርት ብሎ ነው የታያት። በሕይወቷ ያልሆነ ነገር ሲታያት፣ የታያት ነገር ክፉ ሳይሆን ሲቀር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ደስታው ግን አልቆየም። የመጨረሻው ገጽ ትዝ አላት። ነገ ማርያም ናት፤ ነገ በገዛ አፏ ስም ያወጣችላትን ልጅ በገዛ አፏ ልትገድል ነው። እዚያ በረንዳ ላይ ደግሞ ስለ አስካለ እያዳመጡ ስለ የሻረግ የሚሰሙ ሴት ይቀመጣሉ። ይህን ቢሰሙ ምን ይሆናሉ? ማናለብሽ እንደ ልማዷ ሁሉንም አየችው፤ እሜቴ እታለማሁ ከወንበራቸው ሲንሸራተቱ፣ ወርቅአየሁ ውሃ ስትል፣ ውሃው ሳይደርስ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው፤ ልቤ እያወቀ።

ነጋ ለምሳ ሲመጣ መጨረሻውን ልትለውጠው እንደምትፈልግ ነገረችው።

«የተጻፈ ሰነድ ማጣመም ስንት ዓመት እንደሚያስፈርድ ልንገርሽ?» አለ እንጀራውን እየቆረሰ።

«አትቀልድ።»

«አልቀልድም። መጽሐፉ ሞተች ካለ ሞተች። አንቺ በምን ሥልጣንሽ ታስነሻለሽ?»

«እንዲያው ብትተርፍ ማን ይጎዳል?»

ነጋ ቀና ብሎ አያት። «አንቺ፣ ሰው የሚተርፍበት ነገር ማሰብ ትችያለሽ እንዴ?» አላት። ቀልድ አልነበረም፤ ለዚህ ነው የከነከናት።

በማርያም ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ደመና ነበር። የጋሪ ፈረሶች ደወል ከመንገዱ ይሰማል። እሜቴ እታለማሁ ከሁሉም ቀድመው መጥተው ከማናለብሽ ወንበር አጠገብ ተቀምጠዋል። «ቄሱ አስበዋታል» አሉ በሹክሹክታ።

ማናለብሽ አነበበች። አስካለ ሆስፒታል ገባች፤ ከጎኗ ያለችው በሽተኛ ተሽሏት ወጣች፤ ሐኪሙ መጥቶ ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ሁለት ገጽ ሲቀር ዓይኗን ከጽሕፈቱ ሳታነሣ ከራሷ መናገር ጀመረች።

«በማግሥቱም አስካለ ዓይኗን ገለጠች። ትኩሳቱ ለቋት ነበር። አስታማሚዋም… እጅግ ደስ አላት። ምግብም በላች። ከዚያም… አንድ ደግ ሰው መጣ። ደግ ሰውየውም ወደ አገርሽ እወስድሻለሁ አላት። ልብስም ገዛላት። እጅግም ደስ አላት…»

ከራሷ ጆሮ ጠላችው። እንጨት እንጨት ይላል። የዚያ ደግ ሰው ፊት አይታያትም፤ የልብሱ ቀለም አይታያትም። ተገልብጦ የቀረውን ጫማ አጥርታ ያየች ሴት አንድ ቀሚስ ማየት አቃታት።

«ማኔ» አለች ወርቅአየሁ፣ «ገጽ መግለጥ ረሳሽ እንዴ? መጽሐፉ ቆሞ ወሬው ብቻውን ይሮጣል!»

ሴቶቹ ሳቁ። «ደግ ሰውየውን ግን የት እንደሚገኝ ጠይቂልኝ» አለች ወርቅአየሁ ጨምራ። «ልብስ ከገዛ እኔም ልታመም።»

እሜቴ እታለማሁ አልሳቁም። እጃቸውን ዘርግተው መጽሐፉ ላይ አሳረፉ። «ይህ እዚህ አለ?»

ማናለብሽ አንገቷን ደፋች።

«እኔን ፈርተሽ ነው?»

«እሜቴ፣ እኔ…»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ይፈራኛል» አሉ አሮጊቷ ቃላቸውን እየለቀሙ። «ሾፌሮቹን እጠይቃለሁ። አንዱ አየኋት፣ ወፍራለች ይለኛል። አንዱ ቀይ ቀሚስ ለብሳ አየኋት ይላል። አንዱ መቼም አግብታለች ይላል። ወሬውን ከእጄ እንደ ቁራሽ ጥለውልኝ ይሄዳሉ። ማንም እውነቱን አላውቅም ብሎኝ አያውቅም። አንቺም ሾፌር ሆንሽብኝ?»

ማናለብሽ ገጹን ገለጠች፤ ያለውን አነበበች። ድምፅዋ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። አስካለ በሌሊት ሞተች፤ ማን እንደሆነች የሚያውቅ ስላልነበረ ያለ አልቃሽ ቀበሯት። እዚያ ላይ «ተፈጸመ» ይላል።

ከዚያ እሜቴ እታለማሁ በዝግታ ተነሡና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። አለቀሱ። እንደ መጽሐፍ አንባቢ ዕንባቸውን እየጠረጉ አይደለም፤ ቆመው፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ አልቃሽ እንደሚያለቅሰው በግጥም ነው ያለቀሱት። የሚያለቅሱት በአገውኛ ነበር። አገውኛ የምታውቀው ወርቅአየሁ ወዲያው ተነሥታ መቀበል ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ማናለብሽ ቋንቋውን አታውቅም። ከሙሾው መካከል ለይታ የሰማችው ሁለት ስም ብቻ ነው፤ አንዴ አስካለ፣ አንዴ የሻረግ። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች ኮፍያቸውን እያወለቁ «ማን ሞተ?» እያሉ ጠየቁ። ማናለብሽ ወደ ውስጥ ሮጣ ልጆቿን አቅፋ ቆመች። የፈራችው ይህን ነበር፤ ደረሰ። አሁን ይወድቃሉ፤ አሁን ሰው ይጠራኛል።

የጠራት ግን የለም። ስትወጣ እሜቴ እታለማሁ ተቀምጠው፣ ወርቅአየሁ በሰጠቻቸው ውሃ ፊታቸውን እየታጠቡ ነበር። ፊታቸው አብጧል፤ ግን ለረጅም ጊዜ ተጨብጦ የቆየ እጅ ሲፈታ እንደሚመስለው ዓይነት ላላ ብሏል።

«አንድ ቀን እንኳ አልቅሼላት አላውቅም ነበር» አሉ። «የሻረግን። ሞተች ሳልባል ባለቅስላት ሟርት ይሆንብኛል። ለዚች ልጅ ግን ማልቀስ ይቻላል።»

«ይቅር ይበሉኝ እሜቴ። ልዋሽዎት ብዬ አልነበረም።»

«አወቅሁት። ግን ልጄ፣ ሰውየው የወለዳትን ገደለ። ክፉ ነው፣ ግን የራሱ ናት። አንቺ ደግሞ የሰው ልጅ ከአልጋዋ አንሥተሽ ልትሮጪ ነበር፤ ከእጅሽም አልቆመችልሽ። ለምን የራስሽን አትወልጅም?»

«እኔ?»

«አንቺ። ለእኔ አንዲት ውለጅልኝ፤ ወደ እናቷ የምትመጣ። ወሬ አይደለም የምልሽ፤ ከልብሽ ይሁን። ልብ ወለድ መሆኑን አውቄ እሰማለሁ።»

«አልችልም እሜቴ» አለች ማናለብሽ። «እኔ የሚታየኝ ገደሉ ነው። አንዲት ልጅ ከቤት ስትወጣ ባሰብኩ ቁጥር የምትወድቅበት ይታየኛል።»

«ታዲያ ገደሉ የት እንዳለ ካወቅሽ በዚያ በኩል አታሳልፊያታ!» አሉ እንደ ቀላል ነገር።

መጽሐፉ ለአድማሴ ተመለሰ። ማናለብሽ ያን ሳምንት ሙሉ የምትይዘውን የምትጥለውን አጣች። ጀምራ ብትረሳውስ? ቢስቁባትስ? ልጅቷ መንገድ ላይ ብትሞትባትስ? ወረቀት ከሳጥኑ አወጣች፣ መልሳ ከተተች። የመድኃኔ ዓለም ዕለት ሴቶቹ ሲመጡ በእጇ ምንም አልነበረም። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጨንቋት ጭኖቿ መካከል ከተተቻቸው።

«ዛሬ በባዶ ነው እንዴ?» አለች ወርቅአየሁ።

«ዛሬ ከራሴ ነው» አለች ማናለብሽ። ፊቷ ጋለ። «አንዲት ልጅ ነበረች። ከአዲስ አበባ ወደ እናቷ ለመምጣት በጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረች። የተሰጣት ቦታ ከመስኮቱ አጠገብ ነው። መስኮቱ አይዘጋም፤ ስለዚህ ጆሮዋን በነጠላዋ አሰረችው…»

ነጠላው ታያት። ጫፉ ተተርትሯል። ልጅቷ መንገዱን ሙሉ ትርትሩን በጣቷ ስትጠቀልለው ታያት። እንጨት እንጨት የሚለው ነገር ጠፋ። አውቶቡሱ ፍቼን አለፈ፤ አንድ ሰውየ ዶሮ ይዞ ገባ፤ ዶሮዋ ከጉልበቱ አምልጣ ሰዎች ተረባበሹ፤ ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ አውቶቡሱ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ደረሰ፤ የማናለብሽ ድምፅ ቆመ።

አየችው። ፍሬኑ ሲበጠስ፣ ጎማው ከአስፋልቱ ወጥቶ ጠጠሩን ሲበትን፣ ከታች ያለውን ጥልቀት።

«ምነው? ምን ሆነች?» አለች ወርቅአየሁ።

እሜቴ እታለማሁ እጃቸውን የማናለብሽ ጉልበት ላይ አደረጉ።

«ሾፌሩ» አለች ማናለብሽ ቀስ ብላ፣ «አውቶቡሱን አቆመ። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ። ከዚያ አውቶቡሱ ሥር ገብቶ ፍሬኑን አየ። ከመኪናው ሥር ሲወጣ ሸሚዙ በዘይት ተበላሽቶ ነበር። ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ መታ። ፍሬኑን እንደገና አየ…»

«ሁለተኛ?» አለች ወርቅአየሁ።

«ሁለተኛ። መንገደኞቹ መሽቶብናል እያሉ ጮኹበት። እሱ ግን ዕቃውን ሁሉ ከጣሪያ አስወርዶ፣ የከበደውን ወደ መሐል አድርጎ እንደገና አስጫነ። ከዚያ አማተበና፣ ሰው በእግሩ ሊቀድመው በሚችል አካሄድ ቁልቁለቱን ጀመረ።»

«ይህ ሾፌር ወንድምሽ ነው እንዴ?» አለች ወርቅአየሁ በሳቅ እየተንፈራፈረች። «እንዲህ ያለ ፈሪ ሾፌር በኢትዮጵያ ምድር የለም!»

በረንዳው በሳቅ ተናወጠ፤ ማናለብሽም ሳቀች። እየሳቀች፣ እያንዳንዱን ጠማማ በእጇ እያሳየች፣ አውቶቡሱን ድልድዩ ላይ አደረሰችው፤ አሻገረችው። ልጅቷ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ውሃውን አየች። አቀበቱን ሲወጡ ሙቀቱ ቀነሰ፤ ነፋሱም የጎጃም ሆነ። ልጅቷ ጆሮዋን ፈታች።

«እንግዲህ ዛሬ ትገባለች» አለች ከሴቶቹ አንዷ።

ማናለብሽ የእሜቴ እታለማሁን ፊት አየች። ዳንግላ ልታስገባት ትችል ነበር፤ መንገዱ ከዚህ ወዲያ ሜዳ ነው፣ ማርቆስን፣ ቡሬን፣ ኮሶበርን አልፎ። ግን ልጅቷ እዚህ ገብታ ከአውቶቡሱ ብትወርድ፣ አሮጊቷ ከዚህ ተነሥተው ወደዚያች ባዶ ክፍል ሲሄዱ ምን ይዘው ይሄዳሉ? ከዚያ ወዲያስ ምን ይባላል?

«አይ፣ መሽቷል» አለች። «ዛሬ ደጀን ያድራሉ።»

ወርቅአየሁ ልትቀልድ አፏን ከፍታ ነበር፤ እሜቴ እታለማሁን አይታ ዘጋችው።

«የት ነው የምታድረው?» አሉ አሮጊቷ።

«አንዲት መበለት ቤት። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል።»

«አልጋውስ?»

«መደብ ነው። ግን አጎዛው አዲስ ነው።»

«እራት አላት?»

«አላት። ጾም ስለሆነ ሽሮ ሠርተውላታል።»

እሜቴ እታለማሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለረጅም ጊዜ ወደ መንገዱ ሲያዩ ቆዩና ወደ ማናለብሽ ዘወር አሉ።

«በርበሬውን ቀንሽላት» አሉ። «አይስማማትም።»

ማናለብሽም ቀነሰችላት።